ጅጌ የጠራ ከፊት ይቆማል

ከወልድያ መናኸሪያ የተነሣው ሚኒባስ ሲሪንቃን አለፍ እንዳለ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ወርዶ የተዘረጠጠውን ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገና «ትርፍ ጎማዬን ጦርነቱ በልቶታል» አለ። ጦርነቱ ያልበላው ነገር ስላልነበረ የተከራከረው ሰው የለም። ጎማውን ፈትቶ በባጃጅ ወደ ሲሪንቃ ሲመለስ፣ ተሳፋሪው በየዛፉ ሥር ተበታተነ።

ሉብና ከነበሩት ጥላዎች ሁሉ የሳሳውን መርጣ ተቀመጠች። ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀች ጀምሮ፣ በጥላም ሆነ በስብሰባ፣ ሰው የተወውን ቦታ መያዝ ልማዷ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ ወዲህ! እዚያ እኮ ፀሐዩ ነው የተቀመጠው» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ዞር ስትል ደነገጠች። ከሾፌሩ ጎን ጋቢና ተቀምጠው ስለመጡ አላየቻቸውም እንጂ፣ ሽማግሌው ሐጂ አብዱልሐሊም ነበሩ፤ እሷ የምትሠራበት፣ መርሳ ያለው «በረካ» የገበሬዎች ዩኒየን የቦርድ ሰብሳቢ።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ።»

«ወአለይኩም ሰላም። የእኛዋ ልጅ ነሽ አይደል? ሥራሽ… የሰው ምን ነበር የሚሉት?»

«የሰው ሃብት አስተዳደር።»

«እሱን! ሰውም ሃብት ሆነና ግብር ተጣለበት በሉኛ!» ብለው ሳቁ። አጠገባቸው የሽንኩርት ማዳበሪያዋን ተደግፋ የተቀመጠች አለሚቱ የምትባል ነጋዴም አብራ ሳቀች። «ወልድያ ምን ወሰደሽ ታዲያ?»

ሉብና መዋሸት አትችልበትም። «ሌላ ሥራ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ከሰኞ ጀምሪ ብለውኛል።»

«ምነው? ደመወዝ አነሰሽ?»

«የለም፣ ሐጂ። ዛሬ ከሰዓት አንቱ በሚሰበስቡት ጉባኤ ላይ የቶይባን የስንብት ሐሳብ ቆመሽ አንብቢ ተብያለሁ። እሱን ካነበብሁ በኋላ እዚያ ቤት እንጀራ መብላት አልችልም።»

የሐጂ ፊት ወዲያው ኮስተር አለ። ነገሩን ያውቁታል። ያወቁት ግን በአንድ ሰው አፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለፈው ነሐሴ ጦርነቱ ወልድያን ይዞ ወደ መርሳ ሲወርድ፣ የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ ይርጋለም የመሥሪያ ቤቱን አይሱዙ ከቤቱ ደጃፍ አስጠግቶ ሚስቱንና ልጆቹን፣ ሶፋውንና ፍሪጁን ጭኖ ወደ ደሴ ወረደ። ለአንድም ሠራተኛ «ተነሡ፣ ራሳችሁን አድኑ» አላለም። የመጋዘን ኃላፊዋ ቶይባ ግን የመጋዘኑ ቁልፍ በእጇ፣ ለቀጣዩ ዓመት የተቀመጠው የተሻሻለ የማሽላ ዘር በፊቷ ነበር። በአህያም በሰው ጀርባም አስጭና ወደ ግራና ገጠር አወጣችው፤ ለየገበሬው ጥቂት ጥቂት አድርጋ «አማና ነው፣ አደራ፣ እስክመጣ ድረስ» ብላ አካፈለችው። ገበሬዎቹም በየጉድጓዳቸው ቀበሩት። ታጣቂዎቹ የመጋዘኑን በር ሲሰብሩ ያገኙት ባዶ ወለል ነው።

በታኅሣሥ አገሩ ሲረጋጋ ይርጋለም ተመለሰ። ባዶውን መጋዘን አየ። ቶይባ ያደረገችውን ስታስረዳው፣ እሷን ደጅ ትቶ ፖሊስ አስከትሎ ግራና ወጣና «የመንግሥት ዘር አምጡ» አለ። ገበሬው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየና «ዘር? የምን ዘር?» አለው። ይርጋለምም ተመልሶ «ሸጣዋለች፤ ከወራሪው ጋር ተካፍላዋለች» ሲል አገዳት፤ ከዩኒየኑ ግቢ ድርሽ እንዳትል፣ ግራናም ከወጣች እንደምትታሰር አስጠነቀቃት። እነሆ ግንቦት ገባ። ሰማዩ ማጉረምረም ጀምሯል። የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ማሳውን አርሶ፣ ዘር አጥቶ ተቀምጧል።

«ልጄ» አሉ ሐጂ ዝግ ብለው፣ «እኔ ለቶይባ ክፉ አልመኝም። ግን ቤት ሁለት ጌታ አይችልም። ሹመኛው ‹ትባረር› ካለ ቦርዱ ‹ትኑር› ካለ፣ ነገ ዘበኛው ሳይቀር ይንቀዋል። ይርጋለም ደግሞ የተማረ ሰው ነው።»

«ቶይባ ብትባረርስ ሐጂ?»

«ሠራተኛ እንደሁ አይጠፋ! ሥራ ፈት መርሳን ሞልቶት የለም? ሠራተኛ እንደ ጎርፍ ነው፤ ያኛው ሲያልፍ ይኼኛው ይመጣል።»

ሉብና አንገቷን ደፋች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝም ትል ነበር። ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ ግን ቶይባን በር ላይ አግኝታት ነበር፤ «አንቺ ነሽ አሉ የምታነቢብኝ?» ብላ ጠይቃት፣ መልስ ሳትጠብቅ ሄዳለች። ያ ጥያቄ እስካሁን ደረቷ ላይ አለ።

«ጎርፍ ያሉት ልክ ነው፣ ሐጂ» አለች። «ግን ጎርፍ ባዶውን አያልፍም፤ አፈሩን ይዞ ነው የሚሄድ። የሰብል ባለሙያችን ሄደ። የትራክተር መካኒካችን ሄደ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ሄደች። ቦታቸው በሰው ተሞልቷል፤ ግን ትራክተሩ ከቆመ ከርሟል፤ ተክሉን ያመመውን የሚያውቅ የለም። የእኛ ቤት አፈር አለቀ።»

«ኸረ ልጅቱ አፍ አላት!» አለች አለሚቱ። «እኔ እኮ ድዳ መስላኝ ነበር።»

«አንቺ ሽንኩርትሽን ጠብቂ!» አሉ ሐጂ፣ ግን አልተቆጡም። ወደ ሉብና ዞረው ጣታቸውን ቀሰሩ። «ቆይ እንጂ! የሰው አስተዳዳሪዋ አንቺ አይደለሽም? ሠራተኛ የሚቀጠርና የሚሠለጥን በአንቺ እጅ ከሆነ፣ ሠራተኛ ሲሸሽ ጥፋተኛዋስ ማን ልትሆን ነው? ወተቱ ሲደፋ ላሚቱን ልትከሺያት ነው?»

ይህ የሐጂ ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። መሥሪያ ቤት ሲበላሽ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ፋይል ወደያዘችው ልጅ ነው። መመሪያ አለ፤ ባለሙያ አለ፤ ታዲያ ምን ጎደለ ይባላል። የጎደለውን ለመናገር ደግሞ የጎደለበትን ወንበር በስሙ መጥራት ያስፈልጋል፤ እሱን የሚደፍር ጥቂት ነው።

«መመሪያው ቅጥር በውድድር ነው ይላል» አለች ሉብና። «ሥራ አስኪያጁ ግን አስቀድሞ የሚስቱን ወንድም ስም ይሰጠኛል። ሥልጠና በሥራው ለሚያስፈልገው ሰው ይላል፤ የማሽላ ተባይ ሥልጠና ሲመጣ አበል ስላለው ራሱ ሄደበት። የሥራ ምዘና ሠራተኛውን አነጋግራችሁ ሙሉ ይላል፤ እሱ ቢሮው ውስጥ ነጥቡን ሞልቶ ‹ፈርሚ› ይለኛል። ሐጂ፣ አንቱ ቤት ሠርተዋል። መዝጊያ ጥሩ አናጢ ቢሠራውም መቃኑ ከተጣመመ ይገጥማል?»

«አይገጥምም።»

«እኔ መዝጊያ ነኝ። መቃኑ መሪው ነው።»

ሐጂ ጢማቸውን ዳበሱ። «መሪ ከመሪ ይለያያል፤ እሱን አጣሁት እንዴ? ግን ያለፈው ሥራ አስኪያጅ፣ ሙላት፣ ጡረታ ሲወጣ ሁላችሁም አልቅሳችኋል። ለምን? ለስላሳ ስለነበር። ሠራተኛ ሲለሰልሱለት ደግሞ ይጋልባል።»

«አቶ ሙላት ለስላሳ አልነበሩም። በተቀጠርሁ በመጀመሪያው ወር አንድ ቅጥር ሳላጣራ አቀረብሁ፤ ወረቀቱን መለሱልኝና ‹ይኼ ሰው የሚበላው የገበሬውን ላብ ነው፤ ማን መሆኑን ሳታውቂ አታብዪው› አሉኝ። ተቆጡኝ፤ ግን ለምን እንደተቆጡ ነገሩኝ። መመሪያው ዛሬም ያኔም ያው ነው፣ ሐጂ። ደመወዙ ያው ነው። ቶይባም ያቺው ቶይባ ናት። አንድ ቀን አቶ ሙላት መጋዘን ገብተው ‹እሳት ቢነሣ መጀመሪያ ምኑን ታወጫለሽ?› ብለው ጠየቋት። ‹ሚዛኑን፣ ውድ ነውና› አለቻቸው። ‹የለም፤ ሚዛን ይገዛል፤ ዘሩን ነው› አሏት። በነሐሴ እሳቱ መጣ። እሷም ሚዛኑን ትታ ዘሩን አወጣች። ሰውዬው ግን ያኔ ጡረተኛ ነበሩ።»

አለሚቱ መሳቋን አቆመች። ሐጂ ግን ገና አልተረቱም።

«ጥሩ ተናገርሽ። ነገር ግን ሥራ አስኪያጅ በየመጋዘኑ እየዞረ እንቆቅልሽ ሲጠይቅ ይዋል? አዛዥ አዛዥ ነው። ታዛዥም ታዛዥ።»

«ሐጂ፣ ጅጌ ጠርተው ያውቃሉ?»

«ጅጌ? እኔ አብዱልሐሊም? የእኔ የማሽላ ጅጌ ሲጠራ ከግራና እስከ መርሳ ጎረምሳ አይቀርም ነበር!»

«በጅጌው ቀን አንቱ የት ይቆማሉ?»

«ከፊት ነዋ! ጅጌ የጠራ ከፊት ይቆማል። ማጭዱን መጀመሪያ የሚያሳርፍ እሱ፣ ውሃ መጨረሻ የሚጠጣ እሱ።»

«ጥላ ሥር ተኝተው ‹እጨዱ› ቢሉስ?»

«በሚቀጥለው ዓመት ማን ይመጣልኛል? የመጣውም ቢሆን ዛላውን እየረገጠ ነው የሚውል።»

«ሰዎቹ ያው እነሱ ናቸው፣ ማጭዱም ያው ነው። ለምን ይረግጡታል?»

«ልባቸው የለማ! ልቡ የሌለ ሰው እጁ ምን ሊረባ…» ሐጂ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ሉብናን ትኩር ብለው አዩዋት። «አንቺ ልጅ፣ እየመራሽ ጉድጓድ አፍ አደረስሽኝ።»

«ጉድጓዱን እኔ አልቆፈርሁትም፣ ሐጂ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። አንቱ ዘንድ ሰው አማና ቢያስቀምጥ፣ ሌላ ሰው ፖሊስ አስከትሎ መጥቶ ‹አምጣ› ቢልዎ ይሰጣሉ?»

«አላህ ይጠብቀኝ!» አሉ ሐጂ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። «አማና ለሰጪው ነው የሚመለስ። ራሱ ካልመጣ፣ ወይ በፊቴ ካልወከለ፣ ወላሂ አንገቴ ቢቀላ አለኝም አልል!»

ከሲሪንቃ በኩል የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። አለሚቱ ጉልበቷን በመዳፏ መታችና፣ «በሉ ሐጂ፣ በገዛ አፍዎ ፈረዱ!» አለች።

ሐጂ ቀስ ብለው ተቀመጡ። መስበሓቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ አልቆጠሩበትም፣ ዝም ብለው ጨበጡት። ገበሬዎቹ ዘሩን የካዱት ስለተሸጠ እንዳልሆነ፣ የካዱት ታማኝ ስለሆኑ እንደሆነ፣ ከማንም በላይ እሳቸው ማወቅ ነበረባቸው። ያደጉበት ነገር ነው። ግን ወንበር ላይ ከተቀመጡ ወዲህ የሰሙት የሌላ ወንበር ድምፅ ብቻ ነበር።

«ለምንድን ነው ይኼን ቦርዱ ያልሰማው?»

«ማን ጠየቀ፣ ሐጂ? ቶይባ ተጠርታ ታውቃለች? እኔስ? ሥራ አስኪያጁ ባልሰማው ሠራተኛ ላይ ይፈርዳል፤ ቦርዱ ባልሰማው ፍርድ ላይ እጁን ያወጣል። ከዚያ ‹ሠራተኛ ጠፋ› ይባላል። አንቱ ‹ይርጋለም ነው መሪው› ይሉኛል። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ ይርጋለምን ዝም ብሎ ያየ እሱም መሪ ነው።»

ይህን ብላ ራሷ ደነገጠች። በሕይወቷ ለሽማግሌ እንዲህ መልሳ አታውቅም። ሾፌሩ ደርሶ ጎማውን ሲገጥም ሐጂ ተነሥተው ጋቢናው ውስጥ ገቡ። እስከ መርሳ ድረስ ከጋቢናው ውስጥ የሚታየው ነጭ ቆባቸው ብቻ ነበር። ሉብና «አበላሸሁት» አለች በልቧ።

ከሰዓት በኋላ የዩኒየኑ አዳራሽ ሞላ። ይርጋለም ከረባቱን አስተካክሎ «አጀንዳችን አጭር ነው፤ ዲሲፕሊን ነው» አለና ለሉብና ምልክት ሰጣት። ሉብና ተነሣች። ግድግዳው ሁሉ የሚያያት መሰላት።

«አላነብም» አለች።

«ምን?»

«ሳትጠየቅ የተፈረደባትን ሰው ስንብት አላነብም።»

«ወይዘሪት ሉብና፣ ይኼ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው! ሥራሽን…»

«ቆይ» አሉ ሐጂ። «እኔ ልጠይቅ። አቶ ይርጋለም፣ በነሐሴ ስትወጣ ለማን ነግረህ ወጣህ?»

«ሐጂ፣ ያ ቀን… የቤተሰቤን ነፍስ ማዳን ወንጀል ነው?»

«አይደለም። እኔም ልጆቼን ይዤ ሸሽቻለሁ። ልጅ ይዞ የሸሸን ማንም አይወቅስም።» ሐጂ ወደ ይርጋለም ዞሩ። «ሶፋውም ነፍስ አለው?»

የሳቀ አልነበረም። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «በእግሬ ነው ውጫሌ የደረስሁት፤ ነፍሰ ጡር ሚስት ይዤ» አለ። ሌላው «እኔ መኪናውን አይቼው እጄን አውለብልቤ ነበር» አለ። ለወራት ታፍኖ የኖረ ነገር ሁሉ ወጣ። ይርጋለም «ይኼ ስብሰባ ከአጀንዳው ወጥቷል» እያለ ወረቀቱን ይሰበስብ ነበር፤ የሰማው ግን የለም።

«አጀንዳው ይኸው ነው» አሉ ሐጂ። «ከቶይባ በፊት የምንጠየቀው እኛ ነን። እኛ ቦርድ ተብለን ከጥላው ሥር ተኝተናል። ቶይባን ጥሯት። ነገ ግራና አብሬያት እወጣለሁ፤ ፖሊስ ሳይሆን እኔ።»

በማግስቱ ቶይባ ከፊት፣ ሐጂ ከኋላ፣ ሉብና ከሐጂ ኋላ ሆነው ግራና ወጡ። ቶይባ ከየበሩ ቆማ «አማናዬን ልወስድ መጣሁ» ስትል፣ ያ «የምን ዘር» ያለው ገበሬ ሁሉ አካፋ አንሥቶ ጓሮ ዞረ። አንድ ሽማግሌ የጉድጓዱን አፈር እየጠረገ «ያ ከረባታሙ ሲመጣ የት አስቀምጦ ከእኛ እንደሚፈልግ ግራ ገብቶን ነበር» አለ። ቶይባ ሳቀች። ከሐሙስ ገበያ በፊት ዘሩ መጋዘን ገባ፤ ዝናቡ ሲወርድ የሀብሩ ማሳ ባዶውን አልጠበቀውም።

ይርጋለም በማግስቱ አልተባረረም፤ የጉባኤ ጉዳይ ጊዜ ይወስዳል። ሕግ ለእሱም እንደሚሠራ ለማሳየት ሐጂ ራሳቸው «ይጠየቅ፣ ይመልስ፣ ከዚያ ይፈረድ» አሉ። ተጠየቀ፤ መመለስ ሲያቅተው በሐምሌ ለቀቀ፤ የሚስቱም ወንድም ተከተለው። ሉብና ወልድያ ሰኞ አልሄደችም። ሐጂና ቦርዱ በየወሩ እየጠየቁ ስለሚከታተሉ ቅጥር በውድድር ሆነ። ለሥልጠና የሚሄደው ሥራው የሚነካው ሰው ሆነ፤ ሲመለስም የተማረውን ለሌሎች እንዲያስተምር ግዴታ ተደረገ። የሄደው መካኒክ ይኼን ሰምቶ ተመለሰና ትራክተሩን አስነሣው። መመሪያው አልተለወጠም፤ አንዲት ፊደል አልተጨመረችበትም። የተለወጠው መቃኑ ነው።

በነሐሴ መጨረሻ ከቆቦ በኩል መድፉ እንደገና ተሰማ። መርሳ እንደገና ሻንጣዋን ማሰር ጀመረች። በዚያ ጠዋት አይሱዙው የቆመው ከማንም ቤት ደጃፍ ሳይሆን ከዩኒየኑ በር ነበር። ከተዘራው የተረፈው ዘር ቀደም ብሎ፣ በቶይባ እጅ፣ አማናን ለሚያውቁት ለግራና ሰዎች ተሰጥቷል። ሐጂ አብዱልሐሊም በበሩ ቆመው ሕፃናቱንና ነፍሰ ጡሮቹን ከፊት እያሳፈሩ ነበር፤ ልጆቻቸው «አባባ፣ ይውጡ እንጂ» ሲሏቸው «ውሃ መጨረሻ ነው የምጠጣው» ይላሉ።

ሉብና ድንጋይ ላይ ወጥታ የሠራተኛውን ስም ትጠራ ጀመር። ድምፅዋ መጀመሪያ ቀጠነ። ከዚያ በረታ። ባለፈው ዓመት ማንም ያልጠራቸው ሰዎች አንድ በአንድ «አቤት» እያሉ ወጡ። የመጨረሻው ስም ሲጠራ መልስ ጠፋ። ሐጂ መስበሓቸውን ጨበጡ።

«ቶይባ!» አለች ሉብና እንደገና፣ በሕይወቷ ጮሃ በማታውቀው ጩኸት።

«አቤት! እዚህ ነኝ» አለች ቶይባ ከመጋዘኑ በኩል እየሮጠች። «በሩን እየቆለፍሁ ነበር።»

መኪናው ከዚያ በኋላ ነው የተነሣው። ያን ጊዜ ጦርነቱ መርሳ ሳይደርስ ተመለሰ፤ ሰዎቹም ተመለሱ። አንድም ሰው አልጎደለም።